ሳታያት የፈረደችባት ዛፍ

ባለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ አይቆጫችሁ። የዛሬውን ለመከተል አንዲት ሴት፣ አንድ ወንድ፣ አንዲት እናትና አንዲት የተቆረጠች ዛፍ ይበቃሉ።

ሴቲቱን የሥራ ባልደረቦቿ «ስም አውጪዋ» ይሏታል። የከተማው የዛፍና የአትክልት ክፍል ሠራተኛ ናት። በየመንገዱና በየአደባባዩ ለጌጥ የተተከለውን ዛፍና ቁጥቋጦ አንድ በአንድ ትመረምራለች፤ ቅጠሉ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው ወይስ እየተፈራረቀ፣ ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይስ እንደ መጋዝ የተከረከረ፣ ሲታሽ ምን ይሸታል፣ ቅርፊቱ ይላጣል ወይስ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለይታ ስሙን በቆርቆሮ ላይ ትጽፍና ትሰቅልለታለች። ነገረኞቹ የመጋዝ ሠራተኞች «እሷ ካልነገረችው ዛፉ ራሱ ማን እንደሆነ አያውቅም» እያሉ ያሾፉባታል። አትቀየማቸውም፤ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ደስ ይላታል።

ወንዱ መነጽር ሰሪ ነው። የተዋወቁት ቅጠል የምታይበት አጉሊ መነጽሯ ተሰንጥቆባት ልታሠራ ሱቁ ሄዳ ነው። አሠርታ ወጣች። በሳምንቱ ደግሞ እሱ አንድ ቅጠል በመዳፉ ይዞ ቢሮዋ መጣና «ይሄ ምንድን ነው?» አላት። ነገረችው። በማግስቱ ሌላ ቅጠል፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ቀን ያንኑ ቅጠል ለሁለተኛ ጊዜ ይዞ ብቅ አለ።

«ይሄን እኮ ትናንት ነግሬሃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ። ለቅጠሉ የምመጣ መስሎሻል እንዴ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ፤ እሷም አልመሰላትም ነበር።

ችግሩ ያለው ከወዲያ በኩል ነው። መነጽር ሰሪው የሟቹ ዳኛ ልጅ ነው፤ ቤታቸው በከተማው ሰፊው መንገድ ላይ ነው። የእሷ እናት ደግሞ እዚያው ቤት ለዓመታት ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ስም አውጪዋ በልጅነቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ እዚያ ግቢ ስትገባ ስትወጣ አድጋለች፤ ግን ሁልጊዜ በጓሮ በር ነው፤ የቤቱን ልጅም ከሩቅ እንጂ አታውቀውም ነበር። የቤቱን ፊት አይታው አታውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ዳኛው ካረፉ በኋላ ቤቱን የያዙት ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸውን ሊያዩ ሱቅ ሲመጡ ልጅቷን ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አገኟት። ከላይ እስከ ታች ቃኟት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የተናገሩት እንዲያውም ለጨዋታ ያህል ይመስል ነበር።

«እናትሽ በጓሮ በር ነበር የምትገባው። አንቺም እኛ ቤት ከመጣሽ በሩን ታውቂዋለሽ፤ ማሳየት አያስፈልግም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ሴትዮዋ ቃሉን ወርውረው መነጽራቸውን አስጠርገው ሄዱ። ልጅቷ ግን ቃሉን ይዛው ቀረች። ከዚያ ቤት ደጅ ላትቆም ለራሷ ማለች። መነጽር ሰሪው ሊያባብላት ሲሞክር «ተወው፣ ረስቼዋለሁ» ትለዋለች። አልረሳችውም።

እሱም አንድ ነገር እያሰበላት ነበር። «ከደጃችን አንዲት ዛፍ አለች» ብሏት ነበር፣ ዓይኖቹ እየሳቁ። «ምን እንደሆነች አልነግርሽም። አበባዋ ሲፈነዳ ወስጄ አሳይሻለሁ፣ ስሟን አንቺው ታወጪላታለሽ።»

ከዚህ በኋላ ያለው የዛሬው ነው።

*

የመጋዝ ሠራተኞቹ ካሚዮን ረፋዱ ላይ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሲገባ ጭነቱ ነጭ ነበር። ስም አውጪዋ ሻይዋን ይዛ በመስኮት በኩል አየችውና ወጣች። የተከመረው ቅርንጫፍ ሁሉ አበባ ለብሷል፤ ዛሬ ጠዋት የፈነዳ ይመስላል፣ ድርብርብ፣ ገና ጤዛ ያልለቀቀው።

«የማን ሠርግ ነው?» አለች ለመጋዝ ሠራተኛው፣ እየሳቀች።

«የዳኛው ቤት ነው» አለ ሰውየው ጓንቱን እያወለቀ። «አንቺው አይደለሽ እንዴ የዱር ፕሪም ያልሻት?»

ሳቋ ከፊቷ ላይ የት እንደገባ አላወቀችም። ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጣ ቅርንጫፉን ሳብ አደረገች። የዱር ፕሪም እሾህ አለው፤ ይሄ የለውም። የዱር ፕሪም አበባው ትንሽና ነጠላ ነው፤ ይሄ ድርብ ነው፣ የሕፃን መዳፍ ይሞላል። በየአንጓው ላይ እምቡጡ ሦስት ሦስት ሆኖ ተደርድሯል፤ ሁለቱ የአበባ፣ መሐሉ የቅጠል። ይህ የኮክ ምልክት ነው። ነጭ የጌጥ ኮክ ናት፤ ፍሬ የማትሰጥ፣ ለአበባዋ ብቻ ተብላ የምትተከል።

ካሚዮኑ ላይ ወጣችና ግንዱን ፈለገች። አገኘችው። ከታች በኩል ቅርፊቱ ጥቁርና ሸካራ ነው፤ ከዚያ እንደ ቀለበት ያበጠ ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው በላይ ቅርፊቱ ልሙጥና ቀላ ያለ ነው። የተዳቀለች ዛፍ ናት። አንድ ሰው የዱር ፕሪም ግንድ ላይ የነጭ ኮክ እምቡጥ አጣብቆ፣ በክር አስሮ፣ አሳድጓታል። ሥሯ ፕሪም፣ ላይዋ ኮክ።

አሁን ሁሉም ተገለጠላት። በብርዱ ወራት ነው ትእዛዝ የወጣው፤ የዱር ፕሪም ሥሩ የውሃ ቧንቧ እየሰነጠቀ አስቸግሮ ስለነበር ቧንቧ ባለበት መንገድ ሁሉ ይነቀል ተባለ፤ የተዳቀለ የጌጥ ዛፍ ግን አይነካ ተብሏል። ናሙና ሰብሳቢዎች ከየደጁ ቀንበጥ እየቆረጡ፣ የቤቱን አድራሻ ወረቀቱ ላይ እየጻፉ ያመጡላት ነበር። ከዳኛው ደጅ የመጣው ቀንበጥ እሾህ ነበረው፤ ቅጠሉም አጭርና ሰፊ ነበር፤ ልክ የዱር ፕሪም። በብርድ ወራት የኮኩ ራስ ቅጠሉን አራግፎ ባዶውን ይቆማል፤ ቅጠል የነበረው ከሥር ከጠባሳው በታች የበቀለው ብቻ ነው። ሰብሳቢው ያገኘውን ቆርጦ አመጣ። በእሱ አይፈረድም።

እሷ ግን ታውቃለች። ከሥር በወጣ ቀንበጥ ብቻ ስም አይወጣም፤ ዛፉ ድረስ ተሄዶ ግንዱ ላይ ጠባሳ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ራሷ ናት። የሌላውን ሰው ደጅ ሁሉ ሄዳ አይታለች። የዳኛውን ቤት አድራሻ ስታነብ ግን እግሯ አልነሳ አላት፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እግሯ ሳይሆን ልቧ ነው እምቢ ያለው። «የዱር ፕሪም» ብላ ጻፈች። ስትጽፍም አንዲት ትንሽ ደስታ፣ እንደ ሾላካ ሌባ ድምፅ ሳታሰማ፣ ደረቷ ውስጥ ገብታ ወጣች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቂሟን ይዛ ሥራዋን የሠራች መስሏት ነበር።

«ሴትዮዋ ምን አሉ?» አለች፣ ከካሚዮኑ ላይ እንደቆመች።

«ስንቆርጥ አልነበሩም፤ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር አሉ። መንገዱ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ተነግሮታል፣ ግን የተነገረው ስለ ዱር ፕሪም ነው። እሳቸው ምን ብለው ይሰጋሉ?» ሰውየው አንገቱን አከከ። «ሲመለሱ ዛፏ መሬት ላይ ናት። ልጃቸውም ሰው ጠርቶት እየሮጠ ደረሰ። በመጀመሪያ እኔን ወደ ጎን ወሰደኝና 'ስሟን ያወጣው ማነው?' አለኝ። አንቺ ነሽ አልኩት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረና 'እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ አጥሩን እያፈረሰች ስላስቸገረች ነው' አላቸው።»

«ምን አለ?»

«እኔ ነኝ አለ። እኔም ገርሞኛል። ሴትዮዋ ገብተው መስኮቱን ዘጉት። ነገ ደግሞ ጉቶውን ልንነቅል እንመለሳለን።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። መሬት ግን እንደተገጠመች ናት፤ ሻዩም እዚያው ቀዝቅዟል።

*

አለቃቸው ጡረታ ሊወጡ የቀረቡ ሰው ናቸው፤ ችግኝ ጣቢያውን ከባዶ ሜዳ ስላሳደጉት «ጋሼ ችግኝ» ይባላሉ። ስም አውጪዋ ገብታ በር ላይ ቆማ ነገረቻቸው።

«እና ምን ይደረግ?» አሉ። «ስህተት ነው። ማን የማይሳሳት አለ?»

«ጉቶው እንዳይነቀል ይዘዙልኝ ጋሼ። ሥሩ ካለ ተስፋ አለ።»

«አዛለሁ። ግን ለበላይ ሳስረዳ ቀንበጡ አሳሳታት ብዬ ነው የምለው፤ አንቺም እንደዚያ በይ።»

እዚህ ላይ እሺ ማለት ይቻል ነበር። ሽማግሌው በሩን ወለል አድርገው ከፍተውላታል፤ መግባት ብቻ ነው የቀራት።

«ቀንበጡ አላሳሳተኝም» አለች። «መሄድ እንዳለብኝ እያወቅኩ አልሄድኩም።»

ጋሼ ችግኝ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው እስክንነጋገር ድረስ ስም አታወጪም። ችግኝ ታጠጫለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፣ ሥራሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል።»

«ይሁን ጋሼ።»

«ወይ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያንቺ እጅ ነው ብዬ እኮ አንድም ቀን ሁለተኛ አይቼው አላውቅም።»

ከቁጣ ሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። ወደ ካሚዮኑ ተመልሳ ጤነኛ የሆኑትን ቀጫጭን እንጨቶች መረጠች፤ የቅጠል እምቡጣቸው ገና ያልፈታ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ስትጠቀልል አበባው ጣቷ ላይ እየረገፈ አስቸገራት፤ እያንዳንዱን ስታራግፍ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

*

መነጽር ሰሪው ሌንስ እየሞረደ ነበር። ቀና ሳይል «አንቺ እንደሆንሽ አውቄያለሁ» አላት። «ደጃፉ ላይ ሲያመነታ የምሰማው እግር ያንቺ ብቻ ነው።»

«ለምን እኔ ነኝ አልካቸው?»

ማሽኑን አጠፋ። «ምን ልበል ታዲያ? እናቴ አንቺን የምትጠላበት ምክንያት ስትፈልግ ከርማለች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ምሳሩን በገዛ እጄ አላቀብላትም አልኩ። እኔ ልጇ ነኝ፤ ብትቀየመኝም አንድ ቀን ይወጣላታል። አንቺን ከያዘችብሽ ግን እስከ መቃብር ነው።»

«ልጄ አስቆረጠብኝ ብለው እንዲያምኑ?»

«ሰው ይሳሳታል። አንቺም ተሳሳትሽ፣ አለቀ።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ስህተት ደግሞ ለሁለት ሲሸከሙት ይቀላል።»

ዓይኖቹን አየቻቸው። ያለቀሰ ሰው ዓይኖች ናቸው፤ ግን አሁንም እንደ ድሮው እሷ ላይ ሲያርፉ ይለሰልሳሉ። ዝም ብትል ይህ ዓይን የእሷ እንደሆነ ይኖራል። ብትናገር ምን እንደሚሆን አታውቅም።

«ስህተት መስሎህ ነው የተሸከምክልኝ» አለችው።

«አይደለም እንዴ?»

«ወረቀቱ ላይ የማን ደጅ እንደሆነ ተጽፏል። ከሥር የወጣ ቀንበጥ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ላይዋ ሌላ ሊሆን እንደሚችልም አውቅ ነበር። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን በማግስቱ እሄድ ነበር። እናንተ ቤት ስለሆነ አልሄድኩም። እናትህ ያሉኝን ረስቼዋለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ስሙን ስጽፍ ደግሞ...»

«ስትጽፊ ምን?»

«ደስ አለኝ።»

መነጽሩን አወለቀና ንጹሑን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ብዙ ጠረገው።

«አባቴ ነው ያዳቀላት» አለ በመጨረሻ። «ታሞ። ወንበር አውጥተንለት፣ ቁጭ ብሎ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አበባዋን ሳያይ ሞተ። እናቴ በየዓመቱ አበባዋ እስኪፈነዳ በዛፏ ትይዩ ያለውን የፊት ለፊት መስኮት አትከፍተውም፤ የሚከፈተው ለእሷ ብቻ ነው።»

«አልነገርከኝም።»

«አበባዋ ሥር አቁሜ ልነግርሽ ነበር።»

እጇን ዘርግታ ልትነካው ፈለገች፤ እጇ ግን የማን እጅ እንደሆነ ትዝ ሲላት መለሰችው።

«ስህተት ቢሆን ዕድሜዬን ሙሉ እሸከምልሽ ነበር» አለ። «ይሄን ግን እንዴት አድርጌ ነው የምሸከመው?»

«አትሸከመው። የነገርኩህ ለዚህ ነው። አሁን እናትህ ጋ ልሄድ ነው።»

«ዛሬ አትሂጂ። ዛሬ ማንንም የምታይ አይደለችም።»

«ዛሬ ካልሄድኩ ይሄ ይደርቃል» አለችና ቦርሳዋን አሳየችው።

ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረና አስነሳው። ደጃፉን አልፋ ስትሄድ የማሽኑን ድምፅ ሰማችው፤ ምንም ሌንስ ሳይነካ ባዶውን ይሽከረከር ነበር። በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት ብቻዋን ሆና አታውቅም።

*

በጓሮ በር ነው የሄደችው። ቂም አይደለም አሁን፤ በሌላ በር ለመሄድ ፊት አልነበራትም። የበሩ መወርወሪያ ድሮ እናቷ በክርኗ ትገፋው የነበረው ያው ነው። የልብስ ማድረቂያው ሽቦ እንደተወጠረ አለ። የዳኛው ባለቤት ራሳቸው ወጡ፤ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ። እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እትዬ።» እናቷ ትጠራቸው የነበረው እንዲህ ነው፤ ከአፏ ሳታስበው ወጣ። «እትዬ፣ ዛፏን ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ። ልጅዎ አይደለም።»

«እሱ እኔ ነኝ ብሏል።»

«ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው። ሠራተኞቹን አልጠራም፤ ነገሩን የሰማው ዛፏ ከወደቀች በኋላ ነው። በሥራዬ የዱር ፕሪም ናት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ የበሩን ጠርዝ ያዙ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የመጣው ንዴት አልነበረም። ልጃቸው አልካዳቸውም፤ ያ ነው በመጀመሪያ የገባቸው። ትከሻቸው ዝቅ ሲል ታየ። ንዴቱ ቀጥሎ መጣ።

«ነጭ ኮክን ፕሪም ናት ያልሽው አይተሽ ነው?»

«አላየኋትም እትዬ።»

«ሳታያት?»

«ሳላያት።»

«ምነው? እግርሽ ተሰብሮ ነበር?»

«አልተሰበረም። ደጅዎ ላለመቆም ነው። ሱቅ ውስጥ በሩን ታውቂዋለሽ ካሉኝ ጀምሮ ይዤብዎ ነበር።»

ነፋስ የማድረቂያውን ሽቦ ነካ ነካ አደረገው። የዳኛው ባለቤት የተናገሩትን አስታወሱ፤ ሲያስታውሱ ዓይናቸው ከእሷ ላይ ሸሸ። «እንግዲህ ጥፋተኛዋ እኔ ነኛ» አሉ፣ ግማሽ በምሬት፣ ግማሽ ደግሞ በእውነት እንደሚጠይቅ ሰው።

አዎ ብትል ግማሹ ሸክም ይወርድላታል። ሴትዮዋ ጥፋቱን ሊቀበሉ ተቃርበዋል።

«አይደሉም» አለች። «እርስዎ ክፉ ቃል ነው የተናገሩኝ። ዛፍ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቃልዎን ለእርስዎ መመለስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን መልሱን የሰጠሁት ምንም ላላደረገች ዛፍ ነው።»

ሴትዮዋ የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ሲቀመጡ ትንሽ ሴት ሆኑ።

«ባለቤቴ አበባዋን አላየም» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ። «እኔ ነበርኩ የማይለት። በየዓመቱ መስኮቱን እከፍትና፣ ዘንድሮ እንዲህ ሆናለች፣ ዘንድሮ እንዲህ አምሮባታል እያልኩ እነግረዋለሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኝ ነበር። ዛሬም ከሐኪም ቤት እየተቻኮልኩ የመጣሁት ልነግረው ነበር።»

ስም አውጪዋ ልታለቅስ ነበር፤ የማልቀስ መብት እንደሌላት ተሰማትና ዋጠችው። ቦርሳዋን ከፍታ እርጥቡን ጨርቅ አወጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ከራሷ የተቆረጠ ነው፤ እምቡጡ አልሞተም። ጉቶው እንዳይነቀል አስደርጌያለሁ። ከሥር የበቀለው ፕሪም አለ፤ እኔ የፈረድኩባት በእሱ ነው፤ አሁን መሸከም የሚችላትም እሱ ብቻ ነው። ቢፈቅዱልኝ ላዳቅላት።»

«ካልያዘስ?»

«ካልያዘ ሌላ የለኝም።»

«ቢይዝስ፣ መቼ ታብባለች?»

መዋሸት ምንኛ ቀላል ነበር። «ዓመታት ይፈጃል እትዬ። እንደ ድሮዋ ለመሆን ደግሞ ብዙ ዓመት።»

«እኔ እኮ አርጅቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እሱን መመለስ አልችልም።»

ሴትዮዋ ጨርቁን፣ ከጨርቁ ጫፍ ላይ የቀረችውን አንዲት ነጭ አበባ፣ ከዚያ የልጅቷን እጅ አዩ። በክርናቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። ስም አውጪዋ ልታልፍ ወደ ጓሮው አንድ እርምጃ ስትራመድ ግን በሩን በእጃቸው ዘጉባት።

«ዛፏ ያለችው በፊት ለፊት ነው» አሉ። «በዚህ አይደለም የሚገባው። ዞረሽ ነይ።»

*

አጥሩን ተከትላ ዞረች። መንገዱ አጭር ነው፤ ለእሷ ግን አላልቅ አላት። ስትደርስ ትልቁ በር ተከፍቷል፤ የከፈቱት ራሳቸው ሴትዮዋ ናቸው፤ ከጎኑ ቆመዋል። የቤቱን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። መስኮቱ ተዘግቷል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ጉቶው አለ፤ ዙሪያውን አበባ ረግፎ መሬቱ ነጭ ሆኗል። መርገጥ ከበዳትና ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ተንበርክካ ከጉቶው ሥር የወጣውን ጠንካራ ቀንበጥ መረጠች። ቅርፊቱን በቢላ ሰነጠቀችው፣ ከነጭ ኮኳ እንጨት እምቡጡን ከቅርፊቱ ጋር ላጠችው፣ ሁለቱን ቁስል ለቁስል ገጠመችው። ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርታዋለች። ዛሬ ግን ክሩን አንድ ዙር አዙራ ስትይዝ እምቡጡ ተንሸራተተ፤ እንደገና ገጠመችው፤ እንደገና ተንሸራተተ። ሁለት እጅ አልበቃ አላት።

ያኔ ከጎኗ አንድ ሰው ተንበረከከ። ቀና ብላ አላየችም፤ የሌንስ ብናኝ የተጣበቀባቸውን ጣቶች ስታይ አወቀችው። መነጽር ሰሪው አልተናገራትም፣ ፊቷንም አላየም። የክሩን ጫፍ ከእጇ ወስዶ ጠበቅ አድርጎ ያዘላት፤ ልክ በልጅነቱ ለአባቱ እንደያዘው። ይቅር እንዳላላት ከአተነፋፈሱ ታውቃለች። ይቅር ይላት እንደሆነም አታውቅም። ግን መጥቷል፤ ክሩን ይዟል፤ አልለቀቀም።

አሰረችው። በሰም አሸገችው። እጇን ስታነሳ እንኳ ጣቶቹ ለትንሽ ጊዜ እዚያው ቆዩ።

«አሁንስ አየሻት?» አሉ የዳኛው ባለቤት ከጀርባዋ።

የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አንድ ጉቶ፣ አንድ እሾሃም ቀንበጥ፣ ቀንበጡ ላይ የታሰረ ነጭ ክር። አጎንብሳ አየችው፤ ጠባሳ የሚሆንበትን ቦታ፣ ከሥርና ከላይ ያለውን ቅርፊት፣ ያልፈታውን እምቡጥ፣ በብርዱ ወራት ማየት የነበረባትን ሁሉ አየች።

«አየኋት እትዬ» አለች፤ እንባዋ ከዚያ በላይ አላስጨርስ አላት።